ባጊን ለአዳማ አቧራ ማስተካከል፦ ከጠረጴዛ እስከ ሜዳ

አዲስ የሪሞት ባጊ፣ ማለትም በሪሞት የምትነዳ ትንሽ የሜዳ መኪና፣ ገዝቶ፣ ባትሪ ሞልቶ፣ ሜዳ ወስዶ ጋዙን እስከ ጥግ የሳበ ሰው የሚያየው ነገር ያው ነው። የኋላ ጎማዎች አቧራ ያነሣሉ፣ ባጊዋ ባለችበት ትዞራለች፣ ጥቂት ሄዳ ትገለበጣለች። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ችግሩ ከሞተሩ ነው ብለው የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ፍለጋ ይሄዳሉ። አዳማ ላይ ግን የሚያንሰን ጉልበት አይደለም። የሚያንሰን መሬቱን ቆንጥጦ መያዝ ነው።

ከኪት፣ ማለትም ራሳችን ከምንገጣጥመው የባጊ ዕቃ፣ ጋር የሚመጣው የማስተካከያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ለተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ወይም ለሰው ሠራሽ ሣር የተጻፈ ነው። የኛ መሬት የስምጥ ሸለቆ መሬት ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ብሎኬት የምንሠራበት ፐሚስ የተደባለቀበት። ላዩ እንደ ዱቄት የላመ፣ ሥሩ ደረቅና ሻካራ ነው። ወረቀቱን እንዳለ ብትከተሉ ባጊዋ ትደነድንባችኋለች። እኔ ሁለት ዓመት ያህል የሰው ወረቀት ስገለብጥ ቆይቼ ነው ወደ መሬቱ ማየት የጀመርኩት። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ በኋላ የያዝኩት አሠራር ነው።

መመሪያው የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ልክ ለሆነች፣ በኤሌክትሪክ ለምትሠራና በኋላ ጎማ ለምትነዳ ባጊ ነው። ፎር ዊል ለሆነችውም አብዛኛው ያው ነው። የናይትሮ ነዳጅ የምትጠጣ ያለችው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይያዝ፦ አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ጠለል ካለው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋብሪካው ያስቀመጠው የካርቡሬተር መርፌ እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ የሞተሩን ሙቀት እያዩ ጥቂት በጥቂት ማጥበብ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን ስለማይፈልግ ጉልበቱ አይቀንስም። ነገር ግን የሳሳ አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም፤ የሞተሩን የማርሽ ጥርስ ስንመርጥ ይህ ይመጣል።

1ኛ፦ ጠረጴዛውን ማዘጋጀት

ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ 1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊሜትር፣ የዳዶ ቁልፍ 5.5 እና 7 ሚሊሜትር፣ ካሊፐር፣ ፒንሳ፣ የብሎን ማጥበቂያ ሙጫ፣ ሱፐር ግሉ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ደብተርና እርሳስ። ቁልፎቹ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ለስላሳ ብረት የሆነ ቁልፍ ጫፉ ሲላጭ የብሎኑንም ራስ ይዞት ይላጫል፤ ከዚያ በኋላ ያ ብሎን የሚወጣው በመሰርሰሪያ ነው።

ፍጹም ጠፍጣፋ ነገርም ያስፈልጋችኋል፤ ከፍታና ማዕዘን የሚለካው በእሱ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣውን መለኪያ ሰሌዳ መግዛት አያስፈልግም። ከግንባታ ዕቃ ሱቅ አንድ 60 በ60 የወለል ሴራሚክ ግዙ፤ ሁለት ሴራሚክ ፊት ለፊት ገጥማችሁ ክፍተት አለመኖሩን አይታችሁ ምረጡ።

2ኛ፦ መፍታትና መግጠም

ተገጣጥማ የመጣች ብትሆንም ፍቷት። ሁለተኛ እጅ ከሆነችማ ምንም ጥያቄ የለውም። ብረት ብረት ውስጥ የሚገባ ብሎን ሁሉ ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ የማጥበቂያ ሙጫ ይቀባ። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባው ግን በፍጹም አይቀባም፤ ሙጫው ፕላስቲኩን ይበላዋል፣ ይሰነጥቀዋል።

ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ አሽከርክሯቸው። አሸዋ እንዳኘከ ጥርስ የሚንቀጨቀጭ ካለ ይቀየር።

ከዚያ ጎማዎቹን ከአካሏ ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች እዩ። አሞርዛተሩ ሳይታሰር ክንዱን ወደ ላይ አንሥታችሁ ስትለቁት በራሱ ክብደት ጠብ ማለት አለበት። አየር ላይ ከቀረ ወይም እየተንቀረፈፈ ከወረደ፣ ከላይ የፈለጋችሁትን ዘይትና ሞላ ብትቀይሩ ዋጋ የለውም። የሚይዘው ብዙ ጊዜ ፒኑ የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ፒኑን እያስገቡ እያወጡ፣ ካስፈለገም በልኩ መሰርሰሪያ በእጅ ማስለቀቅ። ይህን የዘለለ ሰው ሜዳ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ችግር ሲያሳድድ ይውላል።

ኪቱ ሞተሩን ከመሐልም ከኋላም ለማሰር የሚፈቅድ ከሆነ ከኋላ እሰሩት። መሐል ሞተር የተስፋፋው የውድድር ሜዳዎች ወደ ጠንካራ ሸክላና ወደ ምንጣፍ ሲሄዱ ነው። በልል አፈር ላይ ክብደቱ የኋላ ጎማ ላይ ሲያርፍ ነው ባጊዋ የምትይዘው። ባትሪውንም ወደ ኋላ የሚገፋ ቦታ ካለ መጀመሪያ እዚያ አድርጉት።

3ኛ፦ ጎማ

ከሁሉም የሚበልጠው እዚህ ነው። አንድ ነገር ብቻ የምትገዙበት ገንዘብ ካላችሁ ጎማ ግዙ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሜዳው ላይ ሄዳችሁ መሬቱን በጫማችሁ ተረከዝ ጫር አድርጉት። ላዩ ተንሸራቶ ሥሩ ጠንካራ መሬት ቶሎ ከታየ መካከለኛ ፒን ያለው ጎማ ይበቃል፤ ፒን የምንለው ጎማው ላይ እንደ እሾህ የቆመውን ጥርስ ነው። ተረከዛችሁ ዱቄት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ረጅምና እርስ በርሱ የተራራቀ ፒን ያስፈልጋል፤ ልሉን አልፎ ሥሩን የሚነክሰው እሱ ነው። አጭርና የተጠጋጋ ፒን እዚህ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መሐሉ አፈር ይሞላና እንደ ለስላሳ ጎማ ይንሸራተታል። የፊት ጎማ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ መስመር ያለው መልካም ነው፤ መሪው ሲዞር ጎን ለጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው ያ መስመር ነው።

የጎማው ልስላሴ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በጣም ለስላሳ የሚባለው የበለጠ ይይዛል ተብሎ ይገዛል። ሆኖም ፐሚስ ተረከዛችንን የምንፈትግበት ድንጋይ መሆኑን አትርሱ። ጎማውንም እንደዚያው ይፈትገዋል። እኔ በጣም ለስላሳ የሆነውን አንድ ጥንድ በአራት ቀን ጨዋታ ፒኑን መላጣ አድርጌዋለሁ፤ ለስላሳ የሚባለው ግን ወር አልፎም አገልግሎኛል። ስለዚህ ለስላሳ ይበቃል፣ በጣም ለስላሳውን ለውድድር ቀን አስቀምጡት።

አጣበቁ፦ የቸርኬውን ጠርዝና የጎማውን ከንፈር በአልኮል ጥረጉ። የውስጥ ስፖንጁን አስገቡና ሳይጣመም ዙሪያውን መቀመጡን በጣት እየዳሰሳችሁ አረጋግጡ። ጎማውን ቸርኬው ላይ አስቀምጡ፣ ከንፈሩን በአውራ ጣት ገለጥ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ በአራት ቦታ፤ ሲይዝ የቀረውን ዙሪያውን ሙሉ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ሩብ ሰዓት ሳትጠብቁ ወደ ሌላው አትዙሩ። መስኮት ክፈቱ፤ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል።

ቸርኬዎቹ ላይ ጎማው እንዲተነፍስ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ። እዚህ በእነሱ የሚገባው አቧራ ነው፤ ስፖንጁ ውስጥ ተጠራቅሞ ጎማውን ያከብደዋል፣ ሚዛኑንም ያዛባዋል። እነሱን በቴፕ ዘግታችሁ ጎማው ራሱ ላይ፣ በፒኖቹ መሐል፣ 2 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ በተቃራኒ አቅጣጫ ሁለት ቦታ ብሱ። ጎማው ሲሽከረከር የገባውን መልሶ ይተፋዋል።

4ኛ፦ አሞርዛተር

ለመነሻ ፊት 425፣ ኋላ 350 ሴንቲስቶክ የሲሊኮን ዘይት፤ ሴንቲስቶክ የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው። ጠርሙሱ ላይ “35” ወይም “30” የሚል ቁጥር ብቻ ካለ ተጠንቀቁ፤ የአንዱ አምራች 35 ከሌላው 35 ጋር አንድ አይደለም። ሴንቲስቶክ ግን የትም አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ በሐሩሩ የምትነዱ ከሆነ ዘይቱ ስለሚቀጥን አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ብትይዙ አይከፋም።

ሲሊኮን ዘይት አጥቼ አንድ ጊዜ የሞተር ብስክሌት ዘይት ሞልቼ ነበር። በዚያ ቀን ደህና ሄደች። በማግሥቱ ዘንጉን ስጫነው በግድ ነበር የሚወርደው፤ ውስጡ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ዘይቱን ጠጥተው አብጠዋል። አራቱንም አሞርዛተር ቀለበት መቀየር ነበረብኝ፣ ቀለበቱ እስኪመጣልኝም ባጊዋ ሁለት ወር ቆማለች። ሲሊኮን ከሌለ ጠብቁ።

አሞላሉን በጥንቃቄ እንየው፤ የሚበላሸው እዚህ ነውና። አንድ ብርጭቆ ጥሬ ሽንብራ ሙሉና የአሞርዛተሩን ቱቦ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሽንብራው ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ዘንጉ እስከ መጨረሻ ወደ ታች ተስቦ ይውጣ። ዘይቱን እስከ ሦስት አራተኛ ሙሉና ዘንጉን በቀስታ አምስት ስድስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጉት። በፒስተኑ ቀዳዳዎች በኩል ትንንሽ አረፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጀመሪያ ብዙ፣ ከዚያ አንድ አንድ እያለ። አትቸኩሉ፣ ቡና ይፈላ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ላዩ እንደ መስታወት ጥርት ሲል ዘይቱን እስከ አፉ ጢም አድርጉ። ከክዳኑ ሥር የሚገባውን ላስቲክ ከጎን በኩል አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ አስተኙት፣ ሥሩ አየር እንዳይቀር፤ ክዳኑን ግማሽ አጥብቃችሁ ዘንጉን ወደ ውስጥ ስትገፉት ትርፍ ዘይት በጎን ይወጣል። በዚያው ሳላችሁ ክዳኑን አጥብቁ።

አሁን ጆሯችሁ ጋ አስጠግታችሁ ዘንጉን አንቀሳቅሱ። ድምፅ ከሌለ ሠርታችኋል። “ጭቅ፣ ጭቅ” የሚል ካለ አየር ገብቷል፤ ክፈቱና ድገሙት። በመጨረሻም ሁለቱን የፊት አሞርዛተሮች ጎን ለጎን ይዛችሁ እኩል ግፏቸውና ልቀቁ። እኩል መመለስ አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ባጊዋ ወደ አንድ ጎን ስትታጠፍና ወደ ሌላው ስትታጠፍ ሁለት የተለያየች መኪና ትሆናለች።

ሞላ ከኪቱ ጋር ከመጡት ለስላሳውን ምረጡ። የሚያዛምድ ዘንግ፣ ማለትም ግራና ቀኝን የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ፣ ካለ ንቀሉት። ልል መሬት ላይ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው እንዲሠራ ነው የምንፈልገው።

5ኛ፦ ዲፈረንሻልና ፍሪሲዮን

ባለ ጥርስ ዲፈረንሻል ከሆነ ኋላ 5,000 ሴንቲስቶክ መነሻ ይሁን። ፎር ዊል ከሆነች ፊቱ ከኋላው ወፈር ቢል ጋዝ ስትሰጧት ፊቷ ቀጥ አድርጎ ይጎትታታል። ባለ ኳስ ዲፈረንሻል ከሆነ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ትልቁን ጥርስ በአውራ ጣት ለማዞር ሞክሩ፤ በቀላሉ ከዞረ አጥብቁት። ባለ ኳስ ዲፈረንሻል እያንሸራተተ ከሠራ በአንድ ባትሪ ውስጥ ይቃጠላል።

ስሊፐር የሚባለው ትንሹ ፍሪሲዮን ሥራው ዲፈረንሻሉን ማዳንና ጎማው በአንዴ እንዳይፈተለክ ማለዘብ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከዲፈረንሻሉ ቀድሞ እሱ ይንሸራተት። ዳዶውን እስከ መጨረሻ አጥብቁና አንድ ተኩል ዙር ያህል መልሱት። የኋላ ጎማዎቹን መሬት ላይ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ጋዙን ለቅጽበት ሳብ ስታደርጉ አፍንጫዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት አለበት። ሜዳ ላይ ከቆመችበት ስትነሣ ለግማሽ ሜትር ያህል “ዚዝ” የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ለአቧራ ጥሩው ያ ነው።

6ኛ፦ ጥርስና ሙቀት

ፒኒየን ከሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ትንሹ ጥርስ፣ ስፐር ትልቁ ነው። መጠናቸው የሚታሰበው እንዲህ ነው፦ ስፐሩን ለፒኒየኑ አካፍሉ፣ የወጣውን በማርሽ ሳጥኑ የውስጥ ምጣኔ አባዙ። ስፐር 78፣ ፒኒየን 24፣ የውስጥ ምጣኔ 2.6 ከሆነ 8.45 ይመጣል። ይህ ለ13.5 ዙር ሞተር የተለመደ አካባቢ ነው፤ ዙር የሚባለው በሞተሩ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ ዙር ነው። እዚህ ግን ከአንድ ጥርስ ዝቅ ብዬ እጀምራለሁ፦ ፒኒየን 23፣ ውጤቱ 8.82። ጥቂት የመጨረሻ ፍጥነት ይሄዳል፤ ሞተሩ ግን ቀለል ብሎት ይሠራል። በሞቃት ቀን፣ በሳሳ አየር፣ ጎማው ዱቄት ውስጥ እየቀዘፈ ሲሄድ ሞተር ከምታስቡት በላይ ይግላል።

በሁለቱ ጥርሶች መሐል ያለውን ክፍተት በወረቀት አስተካክሉ። ከደብተር ቀጭን ቁራጭ ቅደዱ፣ በመሐላቸው አስገቡ፣ ሞተሩን ገፍታችሁ አጥብቁ፣ ወረቀቱን አዙራችሁ አውጡት። ሳይቀደድ እንደ አኮርዲዮን ተጨማድዶ ከወጣ ትክክል ነው። ስፐሩን አዙራችሁ በሦስት አራት ቦታ ፈትሹ፤ ስፐር ፍጹም ክብ የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ሜዳ ላይ ሦስት ደቂቃ ከነዳችሁ በኋላ አቁሙና የሞተሩን ሙቀት ለኩ። ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲያልፍ አትፍቀዱ፤ ካለፈ ፒኒየኑን በአንድ ጥርስ አሳንሱ። የኢንዱስትሪ ሌዘር ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ በኮሮና ጊዜ ቤት ቤታችን የገባው የግንባር መለኪያ ለሰው ሙቀት የተሠራ ስለሆነ አያነብላችሁም። መለኪያ ከሌለ በጣት ነክታችሁ ሦስት ሰከንድ መቆየት ካቃታችሁ ዕረፍት ስጧት።

7ኛ፦ ሪሞትና መቆጣጠሪያ

ሁልጊዜ መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ቀጥሎ ባጊዋን አብሩ፤ ሲጠፋ በተቃራኒው። ይህን የገለበጠ ሰው ባጊውን ከግንብ ጋር ያጋጫታል።

የሞተር መቆጣጠሪያውን ከሪሞቱ ጋር አስተዋውቁት፦ መካከል፣ ሙሉ ጋዝ፣ ሙሉ ፍሬን፣ በዚህ ቅደም ተከተል፤ የየአምራቹ አዝራር ይለያያል። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ሰርቮው፣ ማለትም መሪውን የሚያዞረው ትንሹ ሞተር፣ የሚያቃስት ከሆነ የመሪውን ጫፍ ከሪሞቱ ላይ ቀንሱት፤ የሚያቃስት ሰርቮ የሚቃጠል ሰርቮ ነው። ሪሞቱ ሲጠፋ ባጊዋ ጋዝ ለቅቃ እንድትቆም የሚያደርገውን ቅንብር፣ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥታችሁ ሪሞቱን በማጥፋት ሞክሩት። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ነገር በዚያ ፍጥነት የልጅ ቁርጭምጭሚት ቢመታ ቀላል አይደለም። በመጨረሻ የጋዙን ኤክስፖ ለስለስ አድርጉ፤ መጀመሪያው ላይ ዝግ ብሎ የሚነሣ ጋዝ ለልል መሬት ይስማማል።

8ኛ፦ ባትሪ

ሁለት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ 7.4 ቮልት ነው። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ከዚያ በላይ አደጋ ነው። መቆጣጠሪያው ላይ ባትሪው ሲያልቅ ሞተሩን የሚያቆመውን ማቋረጫ በሴል 3.3 ቮልት አካባቢ አስቀምጡ። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ በ5 አምፒር ይሞላል፤ ቻርጀሩ “ባላንስ” በሚለው ላይ ሆኖ፣ ትንሿ ነጭ ሶኬትም ተሰክታ።

እየሞላ ሳለ ጥላችሁት አትሂዱ፣ ተኝታችሁም አታድሩ። የሊፖ እሳት በውኃ ቶሎ የሚጠፋ አይደለም። እኔ ባትሪውን የማስቀምጠው ትልቅ የሸክላ ድስት ውስጥ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ መጋረጃና ፍራሽ ከሌለበት ቦታ ነው፤ አጠገቡ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ አለ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀሩ ራሱ እንደገና እንዳይጀምር ከሶኬቱ ንቀሉ፣ የሴሎቹን ቮልት እዩና እንደ አዲስ አስጀምሩ። አብዛኞቹ ቻርጀሮች ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪም ይሠራሉ። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይነዳም። ከሜዳ ሞቆ የመጣውም እጃችሁን እስኪቀዘቅዝላችሁ ድረስ ይቆይ።

ባትሪ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ በእጅ ሻንጣው እንዲይዘው ንገሩት። አየር መንገዶች ሊፖን በሚጫን ሻንጣ አይቀበሉም፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በእጅ ይያዛል፣ ይህ የኛው 37 ነው።

9ኛ፦ ከፍታና ማዕዘን

ባትሪዋንና ቆዳዋን፣ ማለትም የላይኛውን ሽፋን፣ አሟልታችሁ ሴራሚኩ ላይ ከ20 ሴንቲሜትር ከፍታ ልቀቋት። ስትረጋ ከሻንሲው ሥር እስከ ሴራሚኩ ለኩ። ለኛ ሜዳ ፊትም ኋላም 25 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው፤ ጉድጓድና ኮረት የበዛበት ከሆነ 27። ከፍታውን በሞላው ቀለበት ታስተካክሉታላችሁ። ግራና ቀኝ እኩል ይሁን።

የፊት ጎማ ካምበር፣ ማለትም ከፊት ሲታይ የጎማው አናት የሚያጋድልበት ማዕዘን፣ አንድ ዲግሪ ወደ ውስጥ፣ የኋላውም አንድ። የፊት ቶ፣ ማለትም ከላይ ሲታይ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያይበት ማዕዘን፣ ቀጥ፣ ዜሮ። የኋላ ቶ ወደ ውስጥ 3 ዲግሪ፤ ይህ ብዙ ኪቶች ላይ አብሮ የተሠራ ነው፣ አትቀንሱት። የኋላ ጎማዎች ወደ ውስጥ ሲያዩ ነው ጭራዋ ቀጥ ብላ የምትከተለው።

10ኛ፦ ሜዳው ላይ

ሜዳ ካላችሁ ማታውን በጀሪካን ውኃ አጠጡት። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ይሆናል፤ በቀኑ ውስጥ ከሁሉ የተሻለ መሬት የምታገኙት ያኔ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ዱቄቱ ይመለሳል፣ ነፋሱም ይነሣል። አዳማ የነፋስ አገር መሆኗን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይመሰክራሉ፤ እኔ ወደ ሜዳ ከመውጣቴ በፊት ኮረብታው ላይ ያሉትን ተርባይኖች አያለሁ። በፍጥነት የሚዞሩ ከሆነ የኋላ ክንፉን ረጋ ባለ ማዕዘን አድርጌ፣ ዝላዩንም ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት እንዳይሆን አዞራለሁ። አየር ላይ ሳለች አፍንጫዋ ወደ ላይ ከሄደ ፍሬን ንኩ፣ ወደ ታች ከሄደ ጋዝ ስጡ፤ የጎማዎቹ መሽከርከር መቀየር መላ አካሏን ያዞረዋል።

መስመሩን በአሮጌ የውኃ ቱቦ አስምሩ፣ ስፋቱ 3 ሜትር። ማዕዘኖቹ ላይ የባጃጅ ጎማ፤ ድንጋይ አታድርጉ፣ ክንድ ይሰብራል። ሕፃናት ይመጣሉ፣ መምጣታቸውም ደስ ይላል፤ ከጎማዎቹ ጀርባ እንዲቆሙ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አንድ ቀን ከነዚህ ልጆች አንዱ “ጋሼ፣ ሲጠመዘዝ ለምንድነው ጭራው የሚሸሸው?” ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር። መጀመሪያ የሚጠየቀው “ለምን ትገለበጣለች?” ሳይሆን “መቼ ነው የሸሸችው?” ነው። ጋዝ ስትሰጡ ነው? መሪ ስታዞሩ ነው? ፍሬን ስትይዙ ነው?

ጋዝ ስትሰጡ ጭራዋ ከሸሸ፦ መጀመሪያ ጣታችሁን አለዝቡ። ካልሆነ ፍሪሲዮኑን ሩብ ዙር አላሉ፤ ካልሆነ የኋላ ሞላ ለስላሳ፤ ካልሆነ ባትሪውን ወደ ኋላ። መሪ አዙራችሁ ፊቷ ዝም ብሎ ቀጥ የሚል ከሆነ የፊት ጎማው ፒን አልቆ እንደሆነ እዩ፤ ካላለቀ የፊት ሞላ ለስላሳ፣ ወይም የፊቱን ከፍታ አንድ ሚሊሜትር ዝቅ። ፍሬን ስትይዙ ከዞረች ከሪሞቱ ላይ ፍሬኑን ቀንሱ። ኮረት ላይ እንደ ኳስ ከነጠረች የኋላ ዘይት ቀጠን፤ ከዝላይ ስታርፍ ሆዷ መሬት ከመታ ዘይት ወፈር። የአሞርዛተሩን ላይኛ ጫፍ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ብታዛውሩ ያለዝባታል፣ ወደ ውጪኛው ያጠነክራታል።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። አንዱን ቀይሩ፣ አምስት ዙር ንዱ፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ፣ ደብተሩ ላይ ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መሬቱ እርጥብ ወይስ ደረቅ መሆኑን፣ የቀየራችሁትን፣ የፈጣኑንም የመካከለኛውንም ዙር ጊዜ። ከፈጣኑ ዙር ይልቅ አምስቱ ዙሮች የሚቀራረቡበትን ቅንብር እመርጣለሁ። ለውጡ ካልጠቀመ ወደ ነበረበት መልሱት፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እለፉ።

11ኛ፦ ከሜዳ ሲመለሱ

ቆዳዋን አውጡና በጥርስ ብሩሽና በቀለም ብሩሽ አቧራውን አራግፉ። የሰፈራችን ጎሚስታ ኮምፕሬሰሩን ያውሰኛል፤ ነፋሱን ግን ቀጥታ ኩሽኔታ ላይ አታድርጉ፣ አቧራውን ወደ ውስጥ ነው የሚነዳው። የመቆጣጠሪያው ማራገቢያ በጣት ተይዞ ይነፋ፤ ባዶውን በኃይል ከዞረ ይበላሻል። ውኃ አታስነኩ።

የአሞርዛተሩን ዘንግ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ እርጥበት ያለው ዘንግ ላይ የተጣበቀ ፐሚስ በሚቀጥለው ቀን ቀለበቱን ይቆርጠዋል። የጎማ ዳዶዎችን አጥብቁ፣ ክንዶቹን እንደገና አንሥታችሁ ልቀቁ፣ ጠብ ይላሉ ወይ? ባትሪውን ከሦስት ቀን በላይ የማትነኩት ከሆነ ቻርጀሩ ላይ “ስቶሬጅ” የሚለውን መርጣችሁ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አቁሙት፣ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። በየ10 ባትሪው ኩሽኔታዎቹን፣ በየ20ው የአሞርዛተሩን ዘይት ቀይሩ። ሲፈስ ጥቁር ሆኖ ካያችሁት ቀጣዩን በ15 ባትሪ አድርጉት።